መስቀል ያለባቸው ቃላት

አባቴ እንግሊዝኛ የተማረው ደሴ ይኖሩ በነበሩ ሚሲዮናውያን ባልና ሚስት ቤት አትክልተኛ ሆኖ ሲሠራ ነው። አብዮቱ ፈንድቶ ፈረንጆቹ ሻንጣቸውን ሲሸክፉ ለእሱ የደረሰው ሽፋኑ የተገነጠለ ትልቅ መዝገበ ቃላት ነበር። ዘበኛው አልጋ ከነፍራሹ ወሰደ። እናቴ ይህን ዕድሜ ልኳን አልረሳችለትም።

በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከአንዳንድ ቃላት ፊት ትንሽ መስቀል ትታያለች። አባቴ ጴንጤ ነበር፤ መስቀል አንገቱ ላይ አያስርም፤ እዚያ ሲያያት ግን ልቡ ቀለጠ። "ምልክት ያለባቸው የተመረጡት ናቸው" ብሎ ደመደመ። የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። እነሱን ከሌሎቹ አስቀድሞ ማጥናት ጀመረ።

ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነበርና እሱንም ወስደው አሰሩት። ሲፈታ ዝም ብሎ መጣ። ሰላምታው እንኳ ራስ መነቅነቅ ብቻ ሆነ። ድምፁ የተመለሰው ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብቶ "እንግሊዝኛ ከበደኝ" ያለ ዕለት ነው። አባቴ መዝገበ ቃላቱን ከአልጋ ሥር አወጣ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፤ ሆጤ ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤታችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሆነች።

ያን ጊዜ ማትሪክ እንዲሁ ፈተና አልነበረም። ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የወደቀውን ብሔራዊ ውትድርና ይጠብቀዋል። ከሰፈራችን የሄዱትን እናውቃቸዋለን። የተመለሰ ግን አላየንም።

"ሴናይት!" እያለ የእንግሊዝኛውን ቃል ይጠራል አባቴ ከእራት በኋላ።

"ሳምንት" ብሎ ይተረጉማል ወንድሜ።

"የስትሪን!"

"ትናንት ማታ።"

አንድ ምሽት ኦቨርሞሮው የሚል ቃል አገኘና ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ተነገ ወዲያ ማለት ነው! እኛ የምናንዛዛውን ባንድ ቃል ጨረሱት እኮ!" ሁላችንም እየተቀባበልን አልነው። እናቴ "ኦበርሞሮ" ነበር የምትለው። ከእንግሊዝኛ አፏ የገባላት እሱ ብቻ ነው።

ወንድሜ ለክፍል ድርሰት እነዚያን ቃላት ደርድሮ ጻፈ። መምህሩ በሳቅ ፈረሰ። ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ ቆይቶ ለብቻው ጠራውና መስቀሏ ምን ማለት እንደሆነች ነገረው። ቃሉ ሞቷል ማለት ናት፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ከተዉት ቆይተዋል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወንድሜ ይህን ሲያጫውተኝ መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ጠፋብን።

"ለአባባ ንገራቸዋ" አልኩት።

"ነግሬያቸው እንደገና ዝም ይበሉ? አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ?"

እኔም አልነገርኳቸውም።

ወንድሜ ቀን ቀን መማሪያ መጽሐፉን ለማጥናት ሞከረ፤ መጽሐፉ ግን ለስንት ተማሪ አንድ ነበርና ተራው ሲደርሰው ወዲያው ይወስዱበታል። ማታ ማታ ደግሞ ከአባቴ ፊት ተቀምጦ ሙታኑን ይሸመድዳል። አባቴ ሲስቅ እየሰማሁ ዕቃ አጥባለሁ።

የፈተናው ምርጫዎች ውስጥ መስቀል ያለበት ቃል አልነበረም። ወንድሜ እንግሊዝኛን ወደቀ፤ ማትሪኩንም አብሮ። "ፈተናውን ያወጡት ሰዎች እንግሊዝኛ አያውቁም!" አለ አባቴ። በጣም ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በአባቴ ልናደድ ፈልጌ ፊቱን ሳየው አልሆነልኝም።

ምልምሎቹ ከኮምቦልቻ ስለሚነሡ ቁልቁል ወርደን ሸኘነው። የጭነት መኪናው ሲንቀሳቀስ ወንድሜ ከጎረምሶቹ ትከሻ በላይ ብቅ አለ።

"አባባ! ኦቨርሞሮው!"

አጠገባችን የቆመው ካድሬ "ምንድን ነው ያለው?" ብሎ ተቆጣ።

አባቴ ቀና አለ። "ተነገ ወዲያ እመጣለሁ ነው ያለኝ።"

ካድሬው ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው። ከዚያ ሰው ያየሁት ደግነት ይኸው ነው።

አልመጣም። መርዶም አልመጣም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ሲጎርፍ አባቴ አስፋልት ዳር ቆሞ የእያንዳንዱን ፊት ሲያይ ከረመ። ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ፤ ቃላቱ የተመረጡ መሆናቸውን እንዳመነ።

ሙስሊሟ ጎረቤታችን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆም ብላ እናቴን "አብሽሪ፣ አላህ ያመጣዋል" ትላታለች።

"ኦበርሞሮ" ትላለች እናቴ።

"ኢንሻአላህ፣ ኦበርሞሮ።" እሷም ለምዳዋለች።

መዝገበ ቃላቱ አሁን እኔ ጋ ነው። አንዳንድ ቀን እናቴ አውጪልኝ ትለኛለች። ማንበብ አትችልም፤ ከኦበርሞሮ ፊት ያለችውን ትንሽ መስቀል ግን አሳይቻት ታውቃታለች። ጴንጤነቷን ረስታ ትስማታለች። "ይቺ ናት ልጄን የምትጠብቅልኝ" ትላለች።

እኔም አሜን እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?