የበቆሎ ገዥዋ ጠርሙስ

በቡሬ እህል ገበያ በቆሎ የሚገዙ አንዲት ሴት አሉ፤ በነጠላቸው ጫፍ የሚቋጥሩት ብር ሳይሆን ጨው ነው። ከጆንያው ጥቂት ፍሬ ዘግነው ከጨዉ ጋር በደረቅ ጠርሙስ ይንጡታል፤ እህሉ እርጥብ ከሆነ ጨዉ ጠርሙሱ ላይ ይለጠፋል። ፍርዱን ግን ራሳቸው አይሰጡም። ጠርሙሱን ለሻጩ ልጅ ያስይዙና እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ይጠብቃሉ።

«እሜቴ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የከረመ» ሲል ከሴት ልጁ ጋር በቆሎ ሊሸጥ የመጣው ባምላኩ ባለፈው ገበያ ፀሐይን ለምስክርነት ጠራ፤ ሽያጩ እንዳይበላሽበት ሰግቷል።

«ምን ታያለሽ፣ የኔ ልጅ?» አሏት ሴትዮዋ ጠርሙሱን የያዘችውን ልጅ።

«ጨዉ ተለጥፏል።»

«ለምን ይመስልሻል?»

ልጅቱ መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥላ ጠርሙሱን አየች። «በቆሎው ውኃ አለው።»

እንደ መምህርነት ዘመናቸው ደብተር የሚያርሙ ይመስል፣ የሴትዮዋ ጣት ሳያስቡት አየር ላይ የራይት ምልክት ሠራ።

«አድርቀህ መልሰህ አምጣው» አሉት ባምላኩን፤ «እሷን ቤት ጥለህ ከመጣህ ግን አልገዛም።»