መጀመሪያ መጋረጃው

የትምህርት ቤታችንን የጽዳት ሠራተኛ ተማሪዎቹ «እትዬ ባልዲ» ይሏት ነበር። ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊት የሚደፍራት አልነበረም። ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ገብታ አሥራ ስድስት ክፍል ትወለውላለች። የሟች ባሏን ካፖርት እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋ ትለብሳለች። መሬት ላይ ጠመኔ ጥዬ ካገኘችኝ ደግሞ፣ «አንተ ልጅ፣ ቤትህም እንዲህ ነህ?» ብላ ታፋጥጠኛለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ የቋንቋ መምህር ነኝ። መማሪያ መጽሐፉ ስለ በጎ ሥራ የሚለው ነገር እንቅልፍ የሚያመጣ ስለነበር፣ ታሪኩንም ግጥሙንም ራሴ እጽፋለሁ። ዓርብ አነብላቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ከታሪኩ ተነሥተው አንድ በጎ ነገር ለሰው ያደርጋሉ። «የእጅ የቤት ሥራ» ብዬዋለሁ። ርእሰ መምህሩ በየስብሰባው ስሜን እያነሣ ያመሰግነኝ ስለነበር፣ ምን ልዋሽ፣ ልቤ አብጦ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሐሳብ ጠፋኝ። ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጬ ሳለ እትዬ ባልዲ በመስኮቱ አጠገብ አለፈች፤ እጄ ወዲያው ተፈታ። ዕድሜዋን ሙሉ ወለል ስትወለውል ኖራ ማንም ዞር ብሎ ስላላያት ሴት ጻፍኩ። ጣሪያዋ እንደሚያፈስ ፈጠርኩ፤ ጦሟን እንደምታድር ፈጠርኩ። ካፖርቱን ግን አልፈጠርኩም፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ እንደታጠፈ አስገባሁት። መጨረሻው ላይ ግጥም ጨመርኩበት፦

«ወለል ስትወለውል ጎንበስ ብላ ውላ፣
ማን ቀና ያድርጋት ከእኛ በቀር ሌላ?»

ስም አልጠቀስኩም።

ሳነብ ሁለት ልጆች አለቀሱ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው የእትዬ ባልዲ ልጅ ደብተሯን ዘግታ አንገቷን ደፋች። ታሪኩ ነክቷት ነው ብዬ ተደሰትኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

ቅዳሜ ጠዋት አርባ አንድ ተማሪ አሮጌ ልብስ፣ ሳሙናና ስኳር ተሸክሞ እትዬ ባልዲ በር ላይ ተሰለፈ። በሩን ስትከፍት ግጥሙን በአንድ ድምፅ አሉላት። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። እሷ አልተቆጣችም፤ ልጆቹን አንድ በአንድ አመስግና፣ ዕቃውን ተቀብላ፣ በሩን ዘጋች። ሰኞ ኮሪደር ላይ ሳገኛት፣ «እንደምን አደሩ፣ መምህር?» አለችኝ። አንቱ አለችኝ! ልጇ ግን አልመጣችም። ማክሰኞም ረቡዕም ቀረች። የዓመቱ ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

ሐሙስ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ልጅቷንም ልመልስ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ጣሪያቸው ደህና ነበር። ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «እማዬ አባባ ጋ ናት» አለችኝና ዘጋችብኝ። «አባባ» ያለቻቸው አጠገባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸው ጡረተኛ ናቸው። ስገባ እትዬ ባልዲ ውሃ አሙቃ ልታጥባቸው ስትሰናዳ ደረስኩ።

«እንግዳ ታመጪብኛለሽ እንዴ? ባውቅ ጢሜን እላጭ ነበር» አሉ ሽማግሌው። ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ እየገባች ስታጥባቸውና ስታበላቸው አሥራ አንድ ዓመት እንደሆናት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እሷማ የውሃውን ሙቀት በእጇ ትለካ ነበር።

«ከመጡ አይቀር ጀርባቸውን ይያዙልኝ» አለችኝ።

እጄን ስዘረጋ፣ «ይቆዩ! መጀመሪያ መጋረጃው» አለች።

መጋረጃውን ዘጋሁ።

«በሩስ?»

በሩንም ዘጋሁ። ያን ጊዜ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አጥበን ስንጨርስ፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አላሰብኩም ነበር» አልኳት።

«ልጆቹ ምን አጠፉ? ሳሙናው ጥሩ ነው፤ ለአባባ አድርጌዋለሁ። ልጄ ግን ‹እማዬ፣ እኔ ሳላውቅ ጦምሽን ታድሪ ነበር እንዴ?› ብላ ጠየቀችኝ። ብምልላትም አላመነችም፤ በአዘኔታ ዓይን ታየኛለች። መምህሯ እርስዎ ነዎት፤ ምን ልበላት?»

«ትመለስ እንጂ፤ ፈተናው እንዳያመልጣት» ብዬ ለመንኳት።

«አርባ አንድ ልጅ ፊት? እርስዎ ቢሆኑ ይመለሳሉ?»

በር ላይ ስደርስ ጠራችኝ። «ይቺን የአባባን ነገር ደግሞ እንዳይጽፏት።»

«በፍጹም!» ብዬ ቃል ገባሁላት።

ልጅቷ ፈተናው አመለጣት። በሚቀጥለው ዓመት የአንድ ሰዓት መንገድ እየሄደች፣ ሌላ ትምህርት ቤት ያንኑ ክፍል ደገመች። እትዬ ባልዲ ጡረታ እስክትወጣ ስድስት ዓመት ክፍሌን ወለወለች። እንድትቆጣኝ ብዬ፣ አውቄ ጠመኔ መሬት ላይ እጥል ነበር። ጎንበስ ብላ አንሥታ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጥልኛለች።

አሁን ሽማግሌው የሉም፤ እኔም ሸብቻለሁ። ወጣት መምህራን «በጎነትን በታሪክና በግጥም እንዴት እናስተምር?» እያሉ ሲጠይቁኝ ከዚህ የተሻለ የምነግራቸው አጣሁ። ስለዚህ ቃሌን አፍርሼ ይኸው ጻፍኩት፤ ካፖርቱም መጋረጃውም ገብቶበታል። ስም አልጠቀስኩም። ያኔም አልጠቀስኩም ነበር።