የሳዲቅ ፍሬንና የሐዳ ቁልቁለት

ባሌ ሳዲቅ መቀመጥ ትቷል። እዚህ ዓረብ አገር ሰቢል ሰፈር ያለችው ክፍላችን ለመንጎራደጃ አትበቃም፤ እሱ ግን ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ነው። ነገሩ የጀመረው ከጣኢፍ ወደ መካ በሐዳ ተራራ ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ ፔዳሉ የሰመጠበት ቀን ነው። አላህ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ባየ ቁጥር እጁ መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ያውም ሹፌርነት እንጀራው የሆነ ሰው!

«ጥሩ የፍሬን ዲስክ ባስገባ ይለቀኛል» አለ። ይሁን። ግን ምርጫው ራሱ በሽታ ሆነበት። ዲስኩን እዚህ በዓረብኛ ሆባት ይሉታል፤ ምሳ ላይ ሆባት፣ አልጋ ላይ ሆባት! ጠዋት አየር ያስገባል ብሎ የተበሳሳውን ይመርጣል፣ ከሰዓት ቦይ የወጣለትን። ሂንዳዊያ ሰፈር ጋራዥ ያለው መካኒካችን በሽር፣ «ወንድሜ፣ የተበሳሳው ለዓይን ነው፤ ሲግል ከቀዳዳው ይሰነጠቃል። ለአንተ መኪና ደህና ልሙጥ ዲስክና ጥሩ የፍሬን ሸራ ይበቃል፤ የፍሬን ዘይቱንም ቀይር» ቢለው አኩርፎ ወጣ። በማግስቱ ተመልሶ ልሙጡን አስገባ። ያም ሆኖ እረፍት የለም።

«ተሳስቼ ቢሆንስ ጠይባ?»

«ኧረ በአላህ ተወኝ!»

ባለፈው ጁምዓ ጣኢፍ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ሱመያ፣ አሠሪዋ መዳም ለዑምራ ፈቀደችላት። ልንወስዳት ሄድን። «ወደ መካ በሌላው መንገድ እንዙር» አልኩት።

«በሐዳ ካልወረድኩ መኪናውን እሸጣለሁ። መንዳትም ኸላስ፣ በቃ!» አለኝ። ፊቱን ሳየው የምሩን ነው።

ተራራው አናት ላይ ታጥበን ለዑምራው ኢህራም አሰርን፤ ሳዲቅም ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ለብሶ መሪ ጨበጠ። ኢህራም ላይ ደግሞ መጨቃጨቅም መዋሸትም የለም። እንግዲህ እኔን አስቡኝ! ገደሉ በኔ በኩል ነው። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ለመያዝ የዘገየ መስሎኝ እንደ ልማዴ «አንተ ሰውዬ፣ ልትጨርሰን ነው?» ልል አፌን ስከፍት ሱመያ ከኋላ ቆነጠጠችኝ። የዑምራውን «ለበይክ» ብዬ አፌን ዘጋሁት። እሱ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ እያደረገ ወረደ። እጁን አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም። አጃኢብ!

ታች ስንደርስ ዳር ይዞ ቆመና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ዲስኩ ብቻ አይደለም ጠይባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትጮሂ ልቤ ይጠፋ ነበር። ዛሬ ዝም ስትይ፣ አመነችኝ አልኩ።»

ወላሂ አላመንኩትም! ሞቼ ነው የወረድኩት። እውነቱን ብነግረው ልቡ ይሰበራል፤ ልዋሽ ብል ኢህራም ላይ ነኝ።

«ያላ፣ ንዳ» አልኩት።