ባናዬ በባንኮክ

አንዲት ቃል ከጨመርኩ ዕድሜዬ ይጠር።

ልጄ ባንኮክ ወስዳ አሳከመችኝና፣ ሲሻለኝ ከተማውን ልታስጎበኘኝ ተነሣን። የመንዝ ባናዬን ስደርብ፣ “አባባ፣ በዚህ ሙቀት የበግ ጠጉር ለብሰው ሊያሳፍሩኝ ነው?” አለች።

“መንዜ ያለ ባና ከቤት አይወጣም” አልኳት።

ገበያውን ስንዞር ላቤ ሲወርድ፣ ዝናብ የመጣ የመሰለው ሁሉ ጃንጥላ ዘረጋ። ልጄ እንደማታውቀኝ ሆና ፊት ፊት ትሄዳለች።

ኋላ የአስጎብኚ አውቶቡስ ተሳፈርን። ማቀዝቀዣው የአገሬን የራቤልን ውርጭ ያስንቃል፤ የሰው ሁሉ ጥርስ ይንገጫገጫል።

“አባባ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ” አለች ልጄ።

“ላሳፍርሽ?” ብዬ ጥቂት አስለመንኳትና ባናዬን ገለጥኩላት። እሷ ስትገባ አጠገቧ ያለችው ሴትዮም ገባች፤ ቀጥሎ ሁለት ፈረንጆች። ወንዙንም ቤተ መቅደሳቸውንም ከባናው ውስጥ አንገታችንን አውጥተን ጎበኘን፣ ሹፌሩ ሳይቀር።

እሺ፣ ሹፌሩን ጨምሬአለሁ። እሱ ያስገባው እግሩን ብቻ ነው።