የእትዬ ዎልሰን አራት ጣት

በእኛ ወደብ ጋልቺ የሚለካው በጣት ነው። መቀነት የመሰለውን ብርማ ዓሣ ታጋድምና ጣቶችህን ገጥመህ ጎኑ ላይ ታሳርፋለህ። አራት ጣት ከሞላ የሰባ ነው፣ ባሕሩን ተሻግሮ ቡሳን ከተማ ይሄዳል። ሦስት ከሆነ ገና ለጋ ነው፣ እዚሁ ደሴታችን ጄጁ ለወጥ ይቀራል። የሰው ጣት እኩል ስላልሆነ ጠብ እንዳይነሳ ብለን የሁላችንንም ዓሣ የምትለካው አንድ ሰው ነበረች፤ እትዬ ዎልሰን። አርባ ዓመት ሙሉ እሷ አራት ካለች አራት ነው። እኔ ከጎኗ ቆሜ ጨው የምነሰንስ፣ አፌ የማያርፍ ጎረቤቷ ነኝ።

ባሏን ባሕር ከወሰደባት ወዲህ ያላት ቴሆ የሚባል አንድ ልጅ ነው። እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ ሦስት ጣት ብቻ እያወጣ መረረው። ዓሣው እስኪያድግ እኔ አረጀሁ ብሎ፣ ጀልባውን ሸጦ ከባሕሩ ማዶ ፋብሪካ ሊገባ ቆረጠ። እናቱ አትሂድ አላለችውም። እስከ መኸር ብቻ ታገሰኝ ብላ ለመነችው።

በዚያ በጋ ታምር የሆነ መሰለን። አንድ ቀን ሁለት አራት ጣት ተገኘ፣ በሳምንቱ አሥር፣ ከዚያማ ሳጥን ሙሉ። ቴሆ የሽያጩን ነገር ተወና ጀልባውን ቀለም ቀባ። እሷ እህል መቀነሷን፣ መክሳቷንም አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ምን አልኳት? ልጅሽ ሊቀርልሽ ነው መሰለኝ እንደ ልጃገረድ ሸንቀጥ አልሽ፣ ባል እንፈልግልሽ እንዴ ብዬ ቀለድኩባት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

መኸር ሳይገባ የቡሳኑ ነጋዴ አሥራ ሁለት ሳጥን መለሰብን። ሦስት ጣት ነው፣ ሆዱም ከሲታ ነው፣ እናንተ አታላዮች ብሎ። ወደቡ ሁሉ ዞሮ ዎልሰንን አየ። የቴሆ ፊት ደም መሰለ።

"እማዬ፣ እኔን ለማስቀረት ነው የዋሸሽው?"

"በአባትህ አጥንት አልዋሸሁም። ና እየው፣ አራት ነው።"

ከተመለሰው አንዱን አንስታ እጇን አሳረፈችበት። እውነትም አራት ሞላ። እኔ ስሟ ሲጠፋ ደሜ ፈልቶ ነበርና፣ ቆይ እኔም ልለካው ብዬ እጄን ከእጇ አጠገብ አኖርኩ። የእኔ ሦስት ጣት ጎኑን ሞላው።

ድሮ የእሷ እጅ ከእኔ እጅ ይሰፋ ነበር። አሁን ሳየው አጥንት ብቻ ነው፣ አራት ጣቷ ከእኔ ሦስት አይበልጥም። ወይ ጉድ! ለካ እሷ እያለቀች ነው ዓሣው የሰባልን።

ቴሆም ገባው። ያን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ እማዬ ይቅር በይኝ፣ ተነሽ ሐኪም ቤት እንሂድ እያለ አለቀሰ። እሷ የሰማችውም አትመስልም። ዓይኗ ዓሣው ላይ ነው።

"ታዲያ አላደጉም ማለት ነው?" አለች።

በሽታው ሆዷን ጨርሶት ኖሮ ሁለት ወር አልቆየችም። ቴሆ እንደ አገራችን ወግ የሙት መታሰቢያዋን፣ አርባ ዘጠነኛ ቀኗን አውጥቶ፣ በማግስቱ ጀልባውን ሸጠና ሊሰናበተኝ መጣ። ምን ብዬ ላስቀረው? ሻንጣውን ይዤለት እስከ መርከቡ ሸኘሁት።