አንገቷን የደፋችው

ወይዘሮ አፀደ፣ ጉርድ ሾላ ወደ መሪ በሚሄደው ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ያቺን ልጅ ሳያዩ ከዋሉ ቅር ይላቸው ጀምሯል። መለሎ ናት፤ የኮሌጅ መታወቂያ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ግን እንደ ዘመኑ ልጅ ደረቷን ነፍታ አትሄድም። ለሽማግሌውም፣ ለወያላውም፣ ለመብራት ምሰሶውም ሳይቀር ጎንበስ ብላ ታልፋለች። ወገቧን ደግሞ በሻርፕ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። «ኮሌጅ ገብታ መቀነት!» ይላሉ አፀደ በሆዳቸው። ሰው ሲጠራት እንኳ አንገቷን ብቻ አታዞርም፤ እንደ ጳጳስ መላ ሰውነቷን ይዛ ቀስ ብላ ትዞራለች።

ከኋላ የቆሙ አዛውንት «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ አፀደ ገላመጧቸው። ለልጃቸው ለባሮክ ከዚህ የተሻለች ሚስት ከወዴት ትመጣለች? ዛሬ ቆረጡና ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ? እንዲህ ያለ ጨዋነት! እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ!»

«አሜን እማማ፤ ከወገቤ ይጀምርልኝ» አለች ልጅቷ፣ ሳቅና ማቃሰት እየቀላቀለች። «ጨዋነት አይደለም፣ ዴስክ ነው። ዘንድሮ ክፍላችን የገባው አዲሱ ዴስክ ጉልበትን ከአገጭ ያጋጥማል። አናጢው እንጨት ቆጠብኩ ብሎ ወገባችንን ቆረጠው! ብቻ አንድ ቀን ባገኘው!»

ታክሲው መጣ። ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ሲገባ፣ እሷ አዲስ መጉበጥ አላስፈለጋትም።

አፀደ ግን «የኮሌጃችሁን ዴስክ የሠራው ልጄ ነው» ሊሉ የከፈቱትን አፍ በነጠላቸው ሸፍነው፣ የሚቀጥለውን ታክሲ ሊጠብቁ ቀሩ።