አያ ውብነህን ከማይክሮፎን ያወረድኩበት ዓረፍተ ነገር

ጎንደር ውስጥ ማንንም ብትጠይቅ፣ አያ ውብነህ ከማይክሮፎኑ የወረዱት ጥርሳቸው ስላለቀ ነው ይልሃል። ውሸት ነው። ከወረዱ ከስንት ዓመት በኋላ የባቄላ ቆሎ ሲቆረጥሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ያወረድኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም፤ የነፍስ አባቴ የአያ ውብነህ የእህት ልጅ ናቸውና።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ሬዲዮ ያለበት ቤት በጣት ይቆጠራል። ከቅዳሜ ገበያ ዳር ምሰሶ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ነበርና፣ ገበያው ሲሞላ አያ ውብነህ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣውን ጋዜጣ ይዘው ከማይክሮፎኑ ፊት ይቆማሉ። ሲያነቡ የዓለም መንግሥታት እዚያው በርበሬ ተራ መሀል የሚከራከሩ ይመስልሃል። የሞት ዜና ሲሆን ድምፃቸው ነጠላውን ያዘቀዝቃል። ሊማሊሞ ላይ መንገድ ተናደ ሲሉማ፣ ወደ አዲ አርቃይ የሚሄደው ነጋዴ ሁሉ ናዳው ከፊቱ የወረደ ይመስል ጭነቱን ያራግፍ ነበር።

ጣጣውም ይኸው ነው። እሳቸው ሲያነቡ ገበያው ይቆማል።

እኔ ያን ጊዜ ከከተማው ሹም ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከትክል ድንጋይ ቅቤ የሚያመጡት እትዬ ጥሩነሽ እየተቆጡ መጡ።

“ምነው ልጄ! ሰውዬው ‘ለንደን’ ባለ ቁጥር ገዢዬ አፉን ከፍቶ ይቆማል። ቅቤዬ ፀሐይ ላይ ቀልጦ አለቀ። ጻፍልኝ!”

ሰውዬው ከማይክሮፎኑ ይውረዱልን ብዬ ጻፍኩላቸው። አሥራ ሰባት ነጋዴ አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ አሻራውን አኖረበት። እስከዚህ ድረስ ኃጢአት የለም፤ ማመልከቻ ጸሐፊ የሰው ቅሬታ ይጽፋል። ኃጢአቴ የሚጀምረው ማንም ያላዘዘኝን አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጨረሻው ላይ ስጨምር ነው፦ “ዜናው ከአዲስ አበባ ጎንደር ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ከአያ ውብነህ አፍ ለመውጣት ግን አራት።”

ለምን ጨመርኩት? አያ ውብነህ ምን በድለውኝ? ምንም። ከተማው ሁሉ ስለወደዳቸው ነው። ሰው ሁሉ የሚያመሰግነውን ነገር ስሰማ ገላዬን የሚያሳክከኝ በሽታ አለብኝ፤ ዛሬም አልለቀቀኝም። ደግሞም ዓረፍተ ነገሩ ለራሴ አማረኝ። ሰው ለሹመት ሲል ይበድላል፣ ለርስት ሲል ይበድላል። እኔ ለአንድ መስመር ስል በደልኩ።

ወሬው ሲሰማ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ “ይበቃቸዋል፣ ይረፉ” አለ። ገሚሱ ደግሞ ጨርቅ ነጋዴውን ሐጂ ኑርዬን ሰማ። “እሱ ከወረደ እኔም ሱቄን እዘጋለሁ” አሉ ሐጂ። “ሰው እዚህ ድረስ የሚመጣው ለኔ አቡጀዲ መሰላችሁ?” እትዬ ጥሩነሽ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። ቅቤ የሚቀልጠው ገዢ ሲቆም ነው፤ ጭራሽ ካልመጣስ?

በማግስቱ አያ ውብነህ ራሳቸው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። “ልጄ፣ የሚደግፈኝ ሰው አላጣሁም። እኔ ግን እንደምታውቀው ማንበብ እንጂ መጻፍ አልተማርኩም። አንተ ጻፍልኝ።” ይህ የሚያስገርመው ካለ የቤተ ክህነት ትምህርት አያውቅም። ንባብ ሌላ ነው፣ ጽሕፈት ሌላ። ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር እየደገመ ስሙን መጻፍ የማይችል ስንት ሽማግሌ ነበር።

የከሰሳቸውን ወረቀት የጻፈው እጅ የኔ መሆኑን አላወቁም። እኔ አውቄያለሁ። አውቄም ይህን ጻፍኩ፦ “አያ ውብነህ መልካም ሰው ናቸው። ድምፃቸው መልካም ነው። ቢቆዩልን መልካም ነው።” ሦስት መልካም፣ ቅንጣት ጨው የለበትም።

ተቀበሉኝና እዚያው ቆመው ጮክ ብለው አነበቡት። የፈጠረኝ አምላክ! የመጀመሪያውን “መልካም” እንደ ሰላምታ፣ ሁለተኛውን እንደ ምስክርነት፣ ሦስተኛውን እንደ ጸሎት አሉት። አህያ የሚነዳው ሰው ቆመ፤ አህያውም ቆመ። እትዬ ጥሩነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። ያው አሥራ ሰባቱም ተከተሏቸው።

“ሸጋ አድርገህ ጽፈኸዋል፤ እጅህ ይባረክ” አሉኝ አያ ውብነህ።

ሸጋው ድምፃቸው እንደሆነ አውቅ ነበር። ሹሙ ወረቀቱን በልባቸው እንደሚያነቡትም አውቅ ነበር። እያወቅኩ ወረቀቱን አጣጥፌ ሰጠኋቸው።

ሹሙ ሁለቱን ማመልከቻዎች ጎን ለጎን ዘረጉ። አሻራው ያው፣ የእጅ ጽሕፈቱም ያው። ሚዛን የምትደፋው ያች አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። ሹሙ እዚያች ላይ ሲደርሱ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ፍርዱም በዚያው አለቀ።

ውሳኔውን ለሕዝብ የሚያነብ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ በመጨረሻው ቅዳሜ አያ ውብነህ ራሳቸው አነበቡት። ከነአቤቱታው። “ጎንደር ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል” አሉና ቆሙ። ገበያው ትንፋሹን ያዘ። “ከአያ ውብነህ አፍ ለመውጣት ግን...” መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። “አራት።”

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። “ማን ነው ይህን የጻፈው?” አሉ በድምፅ ማጉያው። “በዘመኔ ሁሉ ጋዜጣው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አምጥቶልኝ አያውቅም!”

እጄን ማንሳት እችል ነበር። አላነሳሁም። ቀለሜን እንደሚያማስል ሰው አንገቴን ደፋሁ። የጻፍኩት ነገር እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም፤ ያሳመሩትም የበደልኳቸው ሰው ናቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተተኪው መጣ። ባለ ከረባት ነው፣ ውሃ የመሰለ ፈጣን ንባብ አለው። እትዬ ጥሩነሽ ቀና ብለው “ጀመረ እንዴ?” አሉ። “ኧረ ጨረሰ!” አሏቸው ሐጂ። ቅቤው ከዚያ ወዲህ አልቀለጠም። ገዢውም ሳሳ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ጺም ነበረኝ። ማመልከቻ ጸሐፊ የታዘዘውን ነው የሚጽፍ አልልም፤ ያችን መስመር ማንም አላዘዘኝም። ደግመህ ጻፋት ብባል አሁንም እንዳልጽፋት መማል አልችልም። ኃጢአቴ ያለው እዚህ ነው፤ ያችን ስጽፍ ብዕሬን ሞርጄ፣ መልካሙን ስጽፍ ግን አደነዝኩት።

አያ ውብነህ ዛሬም በሕይወት አሉ። ከቀሐ ወንዝ ማዶ፣ ግራር ከበቀለበት ደጅ ተቀምጠው ታገኛቸዋለህ። ዓይናቸው ፈዟል፤ ጆሯቸው ግን ጥሩ ነው። ማንበቢያ ዓይን ያለው ሰው ሲያልፍ ጠርተው አስቀምጠው ያስነብቡታል። እኔ በዚያ በኩል ከማልፍ ወንዙን ዞሬ ብሄድ ይቀለኛል፤ ፈሪ ነኝ። ስለዚህ አንተ ይህን ወረቀት ይዘህ ሂድና አንብብላቸው። ቀስ ብለህ አንብብ፣ “አራት” ከማለትህ በፊትም ቁም።